ስትነሳ ታስላለች

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ ሲጨርስ፣
ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር ሽምብራው አቧራ ሲለብስ፣
ባጃጁ «ከዚህ አላልፍም፣ ጎማዬን!» ብሎ ጣለን፤
እኔና ጠጋኙ ሲራክ ኮረኮንቹን በእግር ያዝን።

ደላላው በስልክ «የጥንት ነው፣ የማይሞት ብረት» ብሎኛል፤
የማይሞት መሆኑን እንጃ፣ ብረትነቱ ይታያል።
ትከሻው ክብ፣ እጀታው የጎረምሳ ክንድ የሚያህል፣
አንድ ዘመን ነጭ የነበረ፣ አሁን የከረመ ቅቤ የሚመስል፤
ከእግሩ ዝገት ተነስቶ እንደ ምስጥ ሽቅብ የወጣ፤
በሩ ላይ የቁልፍ ቀዳዳ —
(ማን ይሆን ወተት የሚቆልፍ? ምን ያለ ጌታ፣ ምን ያለ ጣጣ?)

አቶ ልሳነወርቅ፣ ካፖርታቸውን እንደ ደረቡ፣
ኪሳቸውን ዳብሰው ቁልፏን በክር እየሳቡ፣
ከፈቱ።
ቅዝቃዜ የለም። የተወለወለ ጫማ፣
በላስቲክ የታሰረ የውሃ ደረሰኝ፣ አንድ እሽግ ሻማ፣
የሟች ሚስታቸው መነጽር፣ እንቁላል መደርደሪያው ላይ።
«መብራት ሲጠፋ ቁም ሳጥን ናት፤ ሲመጣ ደግሞ... እንግዲህ እንይ።»

ሲራክ ተንበረከከ። ጀርባዋን አንኳኳ፣ አሸተተ፤
«አሥር ብር አምጣ» አለኝ፤ በሩ መሐል ከተተ፤
ዘጋ፤ ጎተተ፤ ብሬ እንደ ምላስ ሾልካ ወጣች።
«ብር ያልያዘ በር ብርድም አይይዝም፤ ላስቲኳ ሞታለች።»

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ዞሩ፦
«ላስቲክ ቆዳ ነው፤ ይለወጣል።
ዋናው ልብ ነው። ስትነሳ ታስላለች፤
ሦስቴ። ከዚያ ዝም ብላ ትሠራለች።
ከካዛንቺስ ስንነሳ ያላሳለ ማን ነበር?
እሷ ግን ቆማ መጣች፣ በአይሱዙ፣ ያን ሁሉ አገር።»

ሲራክ ሶኬቱን ሰካ።
ምንም።
አምፖል ሞከርን፤ ጎረቤት ጠየቅን፤ ብሎኩ በሙሉ ጠፍቷል።
«ይመጣል» አሉ።
«ይመጣል» አልን።
ደረጃው ላይ የሰው ኮቴ በስልክ ባትሪ ይሄዳል።

ተቀመጥን። አሥራ ስምንት ሺህ ነበር ዋጋው ስንገባ፤
ሲመሽ አሥራ ስድስት ሆነ፣ ማንም ሳይከራከር፣ ማንም ሳይግባባ።
እኔ የማስበው ትርሲትን ነው፤ በሌሊት ገላን ወርዳ
ያመጣችው ወተት ቀትር ላይ ሲረጋ፣ ሲሆንባት ዕዳ፤
አዲሱን ጠይቀን፣ ባለሱቁ «በስድሳ» ሲለን፣
አመስግነን ወጥተን፣ ደረጃው ላይ መሳቃችን።
ይህን አስብና ደግሞ ዝገቱን አያለሁ፤
መነጽሩንስ የት ያኖሩታል? እላለሁ።

ሳንወስን ወጣን። ሲራክ በመንገድ «ሞተሯን ሳልሰማ
አልምልልህም» አለ፤ ውሻ ይጮኻል ከጨለማ።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ስልኬ ጠራ። «ሃሎ» የለም፤
እንዴት አመሻችሁ የለም፤
ኩህ።
ኩህ። ኩህ።
ከዚያ እንደ ንብ ቀፎ የሚጎተት ድምፅ፣ የማያልቅ፤
ስልኩን ከጀርባዋ አስደግፈውታል፣ በራሳቸው ካርድ፣ አቶ ልሳነወርቅ።
ትርሲት ስፒከሩን ከፈተች፤ አልጋው ላይ፣ በመሐላችን፣
የሰው ቤት ፍሪጅ አንኮራፋ፤ ትንፋሽ ዋጥን ሁለታችን።
ሰባት ደቂቃ። አሥር።

ጠቅ አለና ዝም።

መስመሩ አልተቋረጠም፤
የሽማግሌው ትንፋሽ አለ፤ እሳቸውም አይናገሩም።

«ቀዝቅዛ ነው ያቆመችው» አለች ትርሲት ቀስ ብላ።
«ወይ መብራት ሄዶ።»
«ቀዝቅዛ ነው» — ከአልጋው ወርዳለች፣ ነጠላዋን ጥላ፣
ጥጉን በስንዝር ትለካለች፦
አራት። አምስት።
ቁም ሳጥኑ ትንሽ ፈቀቅ ቢል...